ከአከራዩ ቤት የጠፋ ድምፅ

ጥር 11

ይድረስ ለተከበሩ የጡሩምባ እናት፣

እንደምን ሰነበቱ? ይህን መጠየቄም ለወጉ ነው እንጂ እንዴት እንደሰነበቱ ደብዳቤዎ ይናገራል። መጽናናቱን ይስጥዎት። የልጅዎን ማረፍ የሰማሁት ከእርስዎ ነው። እኔ ያኮረፈኝ መስሎኝ ነበር።

«ለመሆኑ አንተ ማነህ?» ብለውኛል፤ እውነትዎን ነው፣ ማንነቴን ሳያውቁ ደብዳቤ ለመጻፍ መገደድ አልነበረብዎትም። ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። ቀን ቀን የሰው ፍሪጅ ከግድግዳ እየሳብኩ የጀርባውን አቧራ እበላለሁ። ከሥራ መልስ ደግሞ ከመኝታ ቤቴ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ከደረደርኳቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች ጋር እነታረካለሁ። ሰርቨር ነው የሚባሉት። ሰዎች በስልካቸው ገብተው የሚጨዋወቱበት መድረክ የሚኖረው እነሱ ውስጥ ነው። ሌላው ሰው ወሬውንና ፎቶውን የት እንዳለ ለማያውቀው ትልቅ ድርጅት አስረክቦ ይተኛል። እኔ ግትር ነኝ፤ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ መብራቴ አስቀምጣለሁ። ሚስቴ «ከእኔና ከሳጥኖችህ አንዱን ምረጥ» ትለኝ ነበር። መምረጤን ያወቅሁት ከሄደች በኋላ ነው።

መድረኩ የእናንተ ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኳስ ቡድን ደጋፊዎች የሚገናኙበት ነው። እኔም ያደግሁት እዚያው ነው፤ ለሥራ ብዬ ከወጣሁ ወዲህ አልተመለስኩም። ቡድኑ ታችኛው ሊግ ውስጥ ስለሆነ ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ዞር ብለው አያዩትም። እኛ ደግሞ በየአገሩ ተበትነን ጨዋታው የሚናፍቀን ሰዎች ነን። ሜዳ ዳር ቆሞ፣ ስልኩን አፉ ላይ ለጥፎ፣ ጨዋታውን በድምፁ ያስተላልፍልን የነበረው ልጅዎ ነው። ጡሩምባ ብለን ስም ያወጣንለት እኛ ነን። ቤቱ የኔ ስለሆነ እኔን አከራዩ ይሉኛል፤ ኪራይ የሚከፍል ግን የለም።

ፊቱን አይቼው አላውቅም። በድምፁ ግን ከሺህ ሰው መሃል እለየዋለሁ።

ያስተላለፈው ሁሉ ይቀረጽ ነበር። «ታዲያ አለ ወይስ የለም?» ላሉኝ ግን ጥቂት ጊዜ ይስጡኝ። በአንድ ቃል የሚመለስ ስላልሆነብኝ ነው እንጂ ንቄዎት አይደለም። እስከዚያው፣ ካልከበደዎት፣ እንዴት እንዳለፈ ይንገሩኝ። የስልክ ቁጥሬን ከታች ጽፌዋለሁ።

አክባሪዎ፣
አከራዩ


ጥር 24

ለአከራዩ፣

ጤና ይስጥልኝ። ከልጄ ብትበልጥ በጥቂት ነው፤ ስለዚህ አንተ ብዬሃለሁ።

ስልክ አልደውልም። ስልክ ላይ እንባዬ ይቀድመኛል። ስጽፍ ግን ሲመጣብኝ ብዕሬን አስቀምጬ፣ ፊቴን ታጥቤ እመለሳለሁ።

ጉሮሮው ነው። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባለ፤ ቀጥሎ ከጩኸት ብዛት ነው ተባለ። እኔም «አልነገርኩህም? በየሜዳው ስትጮህ!» ብዬ ተቆጣሁት። በኋላ ሐኪሙ ሌላ ነገር ነገረን። ቀዶ ሕክምናው ዕድሜ ጨመረለት፣ ድምፁን ግን ወሰደው። ከዚያ ወዲህ የቀረው ደረቅ ሹክሹክታ ነው። እሷንም ሰው ፊት አያወጣትም፤ በትንሽ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ነበር የምንነጋገረው።

አሁን ችግሬ ምን መሰለህ? ሳስበው የሚመጣብኝ ያ ሹክሹክታ ብቻ ነው። የበፊቱ ድምፁ ጠፋኝ። ዓይኔን ጨፍኜ እሞክራለሁ፣ አይመጣም። ግድግዳው ሁሉ ፎቶው ነው፤ ሲስቅ፣ ሲያኮርፍ፣ ጥርሱ ሳይኖር። አንተ ፊቱን አታውቅም፣ እኔ ድምፁን አጣሁ። እናት የልጇን ድምፅ ትረሳለች ቢባል ማን ያምናል? ለሰው ለመናገር አፍሬ ዝም ብያለሁ።

ስለ አንተ የነገረኝ የመስመር ዳኛው ጎረቤቴ ነው። ሊያጽናናኝ መጥቶ «ድምፁ እኮ አከራዩ ቤት አለ» አለኝ። ልጄ ሳይነግረኝ ሌላ ቤት ተከራይቶ ኖሯል እንዴ ብዬ ደነገጥኩ።

አንድ ነገር ልንገርህና ታዘበኝ። ሲያስተላልፍ አንድም ቀን አልሰማሁትም። ዕድሜዬን ፋብሪካው ስፌት ክፍል ጨርሼ፣ ከጡረታ በኋላም እቤት እሰፋለሁ። ስልኩን ይዞ ሲወጣ «ደግሞ ለኳስ?» እለውና ወደ ስፌት መኪናዬ እዞራለሁ። ኳስ ነው ብዬ።

የምፈልገው ይህን ብቻ ነው፦ የበፊት ድምፁን አንዴ መስማት። ይህ ምኑ ነው ጊዜ የሚወስደው?

የጡሩምባ እናት
(ስሙን ወድጄለታለሁ)


የካቲት 6

እናቴ፣ እንዲህ ብልዎት ካልከፋዎት፣

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሥራ ላይ ነው። የሰው ፍሪጅ ፈታትቼ መሬት ላይ ዘርግቼ፣ መሃሉ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ባለቤቲቱ መጥታ «እንዲህ የሚያሳዝን ነው እንዴ ብልሽቱ?» አለችኝ። 

አሁን ሁሉንም ልንገርዎት። ባለፈው ዓመት ልጅዎ አጭር መልእክት ላከልኝ። «አከራዬ፣ ድምፄን በሙሉ ከቤትህ አውጣልኝ። አንድም አታስቀር። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ» ይላል። በዚያ ሰሞን በአንድ ፍፁም ቅጣት ምት የተነሳ መድረኩ ላይ ጠብ ተነስቶ ሁለት ሰዎች ሰድበውት ነበር። በዚያ ተቀይሞ የሄደ መሰለኝ። ታሞ ነው ብዬ አላሰብኩም።

መድረኩን ስንከፍት ያጸደቅነው አንድ ደንብ አለ፤ አጥብቆ የተከራከረለትም ራሱ ጡሩምባ ነው። መሄድ የፈለገ ሰው ሰርዝ ካለ ይሰረዝለታል፣ ለምን አይባልም። ትልልቆቹ መድረኮች ጋ መግቢያ እንጂ መውጫ የለም። ሰርዙ ሲሏቸው እሺ ይላሉ፤ አንድ ጥግ ግን አስቀምጠውልዎታል። ደግሞ ሰው እዚያ ለጨዋታ የሚሰበሰብ እንዳይመስልዎት። ስድብ ሰው ስለሚያቆይ ስድቡን ከላይ ያደርጉታል፣ ቁም ነገሩን ከታች። ይህን ጠልቼ ነው እኔ ቤቴን በሽቦ የሞላሁት። እዚህ ተሰረዘ ከተባለ ተሰርዟል። የማጥፊያ ትዕዛዜ በጠፋው ላይ ሌላ ነገር ደጋግሞ ይጽፍበታል፤ ጠቢብ ቢመጣ መልሶ አያገኘውም። በዚህ እኮራለሁ።

ስለዚህ ሰረዝኩት። «ጠፍቷል» ብዬ ጻፍኩለት። «አመሰግናለሁ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ቃል አልተነፈሰም።

ነገር ግን የእኛ ዓይነት ሰው ንብረቱን አንድ ቤት ብቻ አያስቀምጥም፤ እሳትም ሌባም አለ። የሁሉም ነገር ቅጂ ያለበት ዲስክ ሌላ ከተማ እህቴ ቤት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በአሮጌ ሹራብ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። በየጊዜው እየሄድኩ አመጣውና አዲሱን እንዲመስል አድሼው እመልሳለሁ። ልጅዎ ሰርዝ ካለኝ ወዲህ ግን አልሄድኩም። ሙቀት መጣ፣ ፍሪጅ በዛ፣ ሰነፍኩ። ስለዚህ ድምፁ እዚያ አለ።

መኖሩን ነገርኩዎት። ልስጥዎት ወይ የሚለው ነው የጨነቀኝ። ቃል የገባሁለት ሰው ተነስቶ ቃሌን ሊመልስልኝ አይችልም። እባክዎን አይቆጡኝ።

አከራዩ


የካቲት 19

አከራዩ፣

እንዴት ነህ አልልህም፣ ተቆጥቻለሁ።

ልጄን ከእኔ ነው የምትጠብቀው? ያን ድምፅ መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ። ተወልዶ ሲጮህ አዋላጇ «ይኼስ ጉሮሮ ነው!» ብላ የሳቀችው እኔ አጠገብ ነው።

ለምን እንዳስጠፋው አንተ አታውቅም፣ እኔ አውቃለሁ። የመስመር ዳኛው ሊጠይቀው መጥቶ፣ ደስ ይለው መስሎት በስልኩ አንድ የድሮ ጨዋታ ከፈተለት። እኔ ጓዳ ነበርኩ፤ ስመጣ ልጄ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል፣ ዳኛው ስልኩን ዘግቶ እንደ ጥፋተኛ ቆሟል። ሰሌዳው ላይ «ይሂድልኝ» ብሎ ጽፏል። በማግስቱ ይመስለኛል ለአንተ የጻፈልህ። ሰው የድሮ ድምፁን እየሰማ ከንፈር እንዲመጥለት አልፈለገም። ልጄ ኩሩ ነው።

የሸሸው ግን ከሰው ነው፤ ከእኔ አልሸሸም። አክታውን የጠረግሁለት፣ ሰሌዳው ሲሞላ ያጠፋሁለት እኔ ነኝ። ደንብህ ደግ ደንብ ነው፣ ለሰው። እኔ ሰው አይደለሁም፣ እናቱ ነኝ።

ደግሞ ኳሱ ምኑ ነው እንዲህ የሚያሳብዳችሁ? ይህንንም መልስልኝ።


መጋቢት 2

እናቴ፣

መድረኩ ላይ አከራዩን በክርክር የረታው የለም ይሉኛል። እርስዎ በአንድ ገጽ ረቱኝ። ልክ ነዎት። በመጀመሪያው የእረፍት ቀኔ እህቴ ዘንድ ሄጄ ዲስኩን አመጣለሁ፤ ድምፁንም ለእርስዎ ብቻ እልካለሁ። ለልጅዎ በሆዴ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ።

ምኑ ነው ላሉት፤ እኔ ትልልቆቹን ጨዋታዎች ትቻቸዋለሁ። ሰው ውርርድ አስይዞ ነው የሚያያቸው፤ የሚጮኸው ለቡድኑ ይሁን ለኪሱ አይለይም። ካሜራው ስለበዛ ዳኛው በሰላም መሳሳት እንኳ አይችልም። የእኛ ተከላካይ ግን ጠዋት ሽመና ክፍል ቆሞ ውሎ ነው ከሰዓት የሚሰለፈው። ሲስት ማን እንደሳተ እናውቃለን፣ እናቱንም እናውቃለን። ስለዚህ አንሰድበውም፣ እንናደድበታለን እንጂ። ልጅዎ ይህን ጠንቅቆ የገባው ሰው ነው። አንዱ ኳስ ሲያመልጠው «ጫማው ነው፣ ጫማው! እግሩ ምን አጠፋ?» ይላል። በዚህ ምክንያት ተሸንፈን እንኳ ስንስቅ እንውላለን።

የትኛውን ልላክልዎት? ያሸነፍንበትን ወይስ የተሸነፍንበትን?


መጋቢት 13

ልጄ አከራዩ፣

ያሸነፋችሁበት ይሁን። ሽንፈትስ ይበቃኛል።

ያለፈውን ቁጣዬን እርሳው። አንተን አይደለም፣ ቀኑን ነው የተቆጣሁት። ከዳኛው ላይ ማጫወቻ ተውሻለሁ። አከፋፈቱን አሳይቶኛል፤ እጄ ላይ እንዳይበላሽ ብዬ ቁልፉን በጠመኔ ምልክት አደረግሁበት። የስፌት መኪናዬን ወደ ጥግ ገፍቼ ማጫወቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። የሰው ሥራ ተከምሯል፤ ይቆይ።

እስከዚያው ጆሮዬን እየጠበቅሁ ነው። ትናንት ጎረቤቴ በር ላይ ስትጮህ «ቀስ በይ እባክሽ» አልኳት። ሌላ ድምፅ እንዳይሞላበት ብዬ ነው፤ የጃጀሁ መስሏት በሐዘኔታ አየችኝ።

እህትህን ሰላም በልልኝ። ልጄን በሹራብ ጠቅልላ አቆይታልኛለች።

እናትህ


ሚያዝያ 1

እናቴ፣

እንደምን ከረሙ? ያለፈው ደብዳቤዎም፣ ከዚያ ወዲህ «ምነው ዘገየህ? ሄድክ? ዲስኩን አመጣህ?» ያሉበትም ደርሰውኛል። ዝም ያልኩት ታምሜ አይደለም። አይስጉ፣ እህቴም ደህና ናት፤ ሰላምታዎን ነግሬያታለሁ፣ አልቅሳለች። አዎ፣ ሄጃለሁ። አዎ፣ ዲስኩን አምጥቼዋለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ጉልበቴ ላይ አቅፌው ነው የመጣሁት፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ «የሚሰበር ነው?» ብለውኝ «አዎ» ብያቸዋለሁ። አልተሰበረም ግን።

ጥቂት የሚስተካከል ነገር አለ። ሙቀቱም በርትቷል፤ ሰው ሁሉ ፍሪጁ እምቢ ያለው አንድ ሰሞን ነው፣ ቀና የምልበት ጊዜ አጣሁ።

ቡድናችን አቻ ወጣ። አዲስ የሚያስተላልፍ ልጅ ሞክረን ነበር። የተጫዋቹን ስም ከነቁጥሩ ይጠራል፣ የተሳሳተው ነገር የለም፤ አድማጭ ግን ከእረፍት በኋላ አልተመለሰም።

እናቴ፣ ጆሮዎን አይጠብቁ እባክዎን። ጎረቤትዎ መጥታ ታጫውትዎት። ያቺን ስፌትም ቢቀጥሉ ጥሩ ነው።

አከራዩ


ሚያዝያ 10

ልጄ፣

«ጥቂት የሚስተካከል ነገር አለ» የሚለውን ቃል ከዚህ በፊት ከሐኪሙ ሰምቼዋለሁ። እሱም እንደ አንተ ስለ ሙቀቱ ነበር የሚያወራኝ።

መዋሸት አትችልበትም፤ አትድከም። ምን ሆነ?


ሚያዝያ 19

እናቴ፣

የለም። ጠፍቷል። ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።

እንዴት እንደሆነ ሳላሳምር ልጻፍልዎት። ከእህቴ ቤት በመጣሁ ቁጥር የማደርገው አንድ ነገር አለ። በሩን እከፍታለሁ፣ ዲስኩን ቦታው ላይ እሰካለሁ፣ ጫማዬን አወልቃለሁ። ኮምፒውተሩ ያን ዲስክ እንዳየ ማንንም ሳይጠይቅ እንደ ራሱ ያደርገዋል። እዚህ አዲስ የገባውን እዚያ ይጽፋል፣ እዚህ የተሰረዘውን እዚያም ይሰርዛል፤ የሚጀምረውም ከመሰረዙ ነው። ትዕዛዙን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። መድረኩ ላይ ጉራ ነዝቼበታለሁ፤ «እኔ ሰክቼ ጫማዬን እስካወልቅ እሱ ሥራውን ጨርሶ ይጠብቀኛል» ብያለሁ።

የዚያን ቀን መንገዱን ሁሉ ሳስብ የመጣሁት እርስዎን ነው። የትኛውን ጨዋታ እንደምልክ ወስኜ፣ ደስ ብሎኝ፣ እያፏጨሁ ገባሁ። እጄ ለብቻው የለመደውን አደረገ። ሰካሁት። ጫማዬን ለማውለቅ ጎንበስ ብዬ፣ አንዱን ፈትቼ ሁለተኛው ላይ ስደርስ የሳጥኑ ድምፅ ተለወጠ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ሲያጠፋ ነው እንዲያ የሚያጉረመርመው። በአንድ እግሬ ጫማ ሮጬ ነቀልኩት። ከጡሩምባ አንድም አልቀረም።

በጠፋው ላይ ሌላ ይጽፍበታል ብዬ የኮራሁብዎት ትዕዛዝ እሱ ነው። የማውቀውን ሁሉ ሞከርኩ። የተበላሸ ዲስክ የሚያድን ሰው ዘንድ ወሰድኩት፤ ሲያየው ቆይቶ «ያጠፋው ሰው ሥራውን ያውቃል» አለኝ። መድረኩ ላይ አንድ ሰው እንኳ ቀድቶ አስቀምጦ እንደሆነ ለመንኩ። ዳኛውም የከፈተለት ከእኔው ቤት ነው እንጂ ስልኩ ላይ አልነበረም። ሁሉም የመለሱልኝ አንድ ነው፤ ከአከራዩ ቤት ምን ይጠፋል ብለን።

በስንፍናዬ ተኝቼ ብቀር ኖሮ እህቴ ቁም ሳጥን ውስጥ በሰላም ይኖር ነበር። ልጅዎ ያለው ሆነ፤ ይህን የምጽፈው ግን እንዲያጽናናዎት ብዬ አይደለም፣ እኔንም አላጽናናኝም። ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፍ የለኝም። ከእንግዲህ ባይጽፉልኝ አልፈርድብዎትም።

አከራዩ


ግንቦት 16

ለአከራዩ፣

የዘገየሁት መጻፍ አቅቶኝ ነው። ልጄን ሁለት ጊዜ ቀበርኩት። በመጀመሪያው ሰው ከቦኝ ነበር፤ በሁለተኛው ለማን ይነገራል? «ድምፁ ሞተብኝ» ብል ማን ያለቅስልኛል? ማጫወቻውን ለዳኛው መለስኩለት። አልጠየቀኝም፣ ፊቴን አይቶ ተቀበለኝ።

ብዙ ቀን ረገምኩህ። ሳጥኖችህን ረገምኩ፣ ጫማህን ረገምኩ። ከዚያ አንድ ጠዋት ፎቶው ፊት ቆሜ «እሰይ! እንዳልከው አደረግህ አይደል?» አልኩት። ከሕፃንነቱም የያዘውን ሳይፈጽም አይለቅም። ተቆጥቼ ነው ያልኩት፣ ግን ሳቄ መጣ። ብዙ ጊዜ ሆኖኛል ከሳቅሁ።

ይቅር ብዬሃለሁ ወይ? ገና ነኝ። ይቅር በይኝ ብለህ ስላልነዘነዝከኝ ግን ደስ ብሎኛል።

አሁን አንድ ነገር ጠይቄህ እምቢ እንዳትለኝ። አንተ ልጄን ለዓመታት ሰምተኸዋል፤ እኔ ምስኪኗ አንድ ቀን አልሰማሁትም። ሳጥንህ ቢያጠፋው ከጆሮህ አይጠፋም። ልትልክልኝ የመረጥከውን ጨዋታ፣ እሱ እንዳለው አድርገህ ጻፍልኝ። ቋንቋ አታሳምርበት፣ አታሳጥረው።


ሰኔ 2

እናቴ፣

ሞክሬያለሁ። ይህን ያህል ወረቀት ቀድጄ አላውቅም። ከሲሚንቶ ፋብሪካው ቡድን ጋር የተጫወትነው ነው። ዝናብ ነበር፤ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል፣ አንድ ለአንድ ነን። የማዕዘን ምት አግኝተናል። በሬው የምንለው ተከላካያችን በሕይወቱ ጎል አግብቶ አያውቅም።

«ወገኖቼ፣ ዝናቡ አሁን ሜዳውን ትቶ እኔን እየመታኝ ነው። ስልኬን በኮቴ ሸፍኜዋለሁ፣ እኔን የሚሸፍነኝ የለም። ኳሷ ማዕዘን ላይ ናት። ግራኙ አስቀመጣት፤ ተንሸራተተችበት። እንደገና አስቀመጣት። ቁጭ በይ እመቤቴ፣ ቁጭ በይ! ተቀመጠች። አሁን ማን ይመጣል... ኧረ! ኧረ በሬው እየመጣ ነው! አንተ፣ ቤትህን ለማን ትተህ? ተመለስ! አሠልጣኙም ተመለስ እያለው ነው፣ አልሰማም። ግራኙ መታት... ከፍ አለች... በረኛው ወጣ፣ አዳለጠው፣ ተቀመጠ፣ የኔ ጌታ ጭቃ ላይ ተቀመጠ! በሬው ዘለለ፤ ዘለለ እንዴት ይባላል፣ ተነሳ እንበል። በጭንቅላቱ ይሁን በጆሮው አላውቅም... ገባ! ወገኖቼ፣ በሬው አገባ! ራሱም አላመነም፣ ዳኛውን እየጠየቀው ነው! ተነሱ፣ የትም ያላችሁ ተነሱ! ሥራ ላይ ያላችሁ ሽንት ቤት ግቡና ጩኹ!»

ይህን ሲል እኔ የሰው ቤት ፍሪጅ ጀርባ ነበርኩ። እውነትም ሽንት ቤት ገብቼ ጮህኩ፤ ባለቤቶቹ ቧንቧ የፈነዳ መስሏቸው በሩን ደበደቡት።

ከዚያ በኋላም ስለ ጭቃውና ስለ በሬው ሚስት የሆነ ነገር ብሎ ነበር። ጽፌው ነበር፣ ቀደድኩት። የእሱ ይሁን የኔ ፈጠራ መለየት አቃተኝ። የራሴን በእሱ ስም ከምልክልዎት እዚህ ላይ ላቁም።

አከራዩ


ሰኔ 15

ልጄ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። የምቆርጠውን ጨርቅ ትቼ፣ መቀሱን እንደያዝኩ ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ከዚያ ተናደድኩ።

ተሳስተሃል። ልጄ «ወገኖቼ» አይልም። «እናንተ ሰዎች» ነው የሚለው። እቤት እንኳ የተቋረጠ ውሃ ሲመጣ ከጓሮ «እናንተ ሰዎች፣ መጣች! አረፋ ይዛ መጣች! እናቴ ባልዲውን ይዛ እየወጣች ነው፣ ታደርስ ይሆን?» እያለ ነው የሚገባው። ቤቱ ውስጥ ያለነው እሱና እኔ ብቻ። ክር ሲበጠስብኝ ያስተላልፋል፣ ወተት ሲገነፍል ያስተላልፋል። «አፍህን ዝጋና እሳቱን አጥፋልኝ» እለዋለሁ። አልሰማሁትም አልኩህ እንጂ፣ ለካ ስሰማው ነው የኖርኩት።

ደግሞ «ገባ» አንዴ ብሎ ይተዋል ብለህ ነው? የት ሰምተህ! ደስ ሲለው አንዱን ቃል ሦስቴ ነው የሚለው። ሁለተኛውን ይጎትተዋል፤ ሦስተኛው ላይ ድምፁ ይሰነጠቅበታል፣ ጎረምሳ ሲሆን ጀምሮ እንደዚያ ነው፤ እሱም ያፍርበታል፣ እኔም እስቅበታለሁ። ብዕሬን አንስቼ በደብዳቤህ ላይ ላርምህ ጀመርኩ። «ገባ» ብዬ ጻፍኩ። «ገባ» ብዬ ደገምኩ። ሦስተኛውን ስጽፍ ሰማሁት።

ሹክሹክታው አይደለም። የበፊቱ። ከነስንጥቁ። ዞር ብዬ በሩን አየሁ።

አሁን ሄዷል። ተቀምጬ ጠበቅሁት፣ አልተመለሰም። ያረምኩትን ደግሜ አነበብኩት፣ ባዶ ቃል ሆነብኝ። እንዳልኩህ ነው፣ ሲጠሩት አይመጣም።

ስለዚህ ሌላ ጨዋታ ጻፍልኝ። በትክክል ላስታውስ ብለህ ወረቀት አትቅደድ፤ የእሱ ነው የኔ ነው እያልክም አትጨነቅ። እንደመጣልህ ጻፈውና ላክልኝ። ስትሳሳት ነው የምሰማው።

እናትህ